የማንም ያልሆነ ቀዳዳ

ቤቴል ውስጥ አንድ ጂ ፕላስ 5 ሕንፃ አራተኛ ፎቅ ላይ ቁጭ ብለን፣ ምድር ላይ ያለው ምግብ ቤት ዛሬ ምን እንደሠራ እናውቃለን፡፡ መስኮቱ ዝግ ነው፡፡ በሩም ዝግ ነው፡፡ ሽታው ግን ይመጣል፡፡ ጠዋት ቁሌት፣ ቀትር ላይ ጥብስ፣ ረቡዕና ዓርብ ሽሮ፡፡ መጀመሪያ ሰሞን ወደነው ነበር፤ ምሳ ምን እንዳለ ለማወቅ አራት ፎቅ መውረድ አያስፈልግማ! ኋላ ላይ ግን ከመሀላችን አንዱ «ቆይ፣ ይሄ ሽታ በየት በኩል ነው የሚመጣው?» ብሎ ጠየቀ፡፡

ወንበር ላይ ወጥተን ከኮርኒሱ አንዷን ካሬ ገፋ አደረግናት፡፡ ከኮርኒሱ በላይ፣ ኮሪደሩንና የኤሌክትሪክ ዳክቱን በሚለየው ግድግዳ ላይ፣ ሁለት እጅ አንድ ላይ የሚያስገባ ቀዳዳ አለ፡፡ በቀዳዳው ውስጥ የመብራት ገመድ በእስር በእስር ያልፋል፤ የኢንተርኔት ገመድ ያልፋል፤ የዲሽ ገመድ ያልፋል፤ አንድ ግራጫ የፒቪሲ ቱቦም ያልፋል፡፡ የቀረውን ክፍተት አንድ ደግ ሰው በባዶ የስሚንቶ ከረጢት ጠቅጥቆታል፡፡ በባትሪ እያበራን ወደ ዳክቱ ውስጥ ስናይ ደግሞ ወለሉም እንዲሁ ነው፤ ሶሌታው ተበስቷል፣ ገመዱ ወርዷል፣ ዙሪያው ክፍት ነው፡፡ በክፍቱ በኩል የሦስተኛው ፎቅ መብራት ይታያል፡፡ ጥብሱ የሚመጣው በዚያ ነው፡፡

ጥብስ ካለፈ ጭስም ያልፋል፡፡ የዛሬው ነገራችን ይኸው ነው፡፡

ሕንፃውን በስም አንጠራውም፡፡ ለባለቤቱ አዝነን አይደለም፤ እሱን ለይቶ መክሰስ ሌሎቹን ነፃ ማውጣት ስለሚመስል ነው፡፡ እናንተም በምትሠሩበት ወይም በምትማሩበት ሕንፃ ኮርኒስ ገፋ አድርጋችሁ እዩ፡፡ ቀዳዳ ካላገኛችሁ እሰየው፡፡

ቤቴልን የሚያውቅ ያውቃታል፡፡ ከጦር ኃይሎች በታክሲ ስትመጡ፣ ትናንት ግቢው ውስጥ ኮባና ጽጌረዳ የነበረው ቪላ ዛሬ መስታወት የለበሰ ፎቅ ሆኖ ይጠብቃችኋል፡፡ የፎቁም አደረጃጀት ከሞላ ጎደል አንድ ዓይነት ነው፡፡ ምድር ላይ ካፌ፣ ፋርማሲና ሞባይል ቤት፤ አንደኛ ፎቅ ላይ ባንክ፤ ሁለተኛው ላይ ክሊኒክ ወይም ጂም፤ ሦስተኛው ላይ ኮሌጅ፤ ከዚያ በላይ ቢሮ ወይም ፔንስዮን፤ ከምድር በታች ጄኔሬተርና መጋዘን፡፡ አንዱ በጋዝ ያበስላል፣ አንዱ ይታከማል፣ አንዱ ፈተና ይፈተናል፣ አንዱ ደግሞ እንቅልፍ ላይ ነው፡፡ እነዚህ ሁሉ ሰዎች አይተዋወቁም፡፡ የሚያገናኛቸው አንድ ነገር ቢኖር ዳክቱ ነው፡፡

ታዲያ ቀዳዳው የማን ነው? እስቲ እንጠይቅ አልንና ጠየቅን፡፡ መጀመሪያ ያገኘነው ኤሌክትሪሺያን ነው፡፡

«ወንድሜ፣ ሽቦ ካሳለፍክ በኋላ ቀዳዳውን ለምን አትደፍነውም?»

«እኔ ምን አገባኝ? የእኔ ሥራ ሽቦ ማሳለፍ ነው፡፡ መድፈን የግንበኛ ነው፡፡»

ወደ ግንበኛው ሄድን፡፡ በዕድሜ ጠና ያሉ ሰው ናቸው፡፡ «ጋሼ፣ መድፈን የእርስዎ ነው ተብለን መጣን» አልናቸው፡፡ ሳቁ፡፡ «ልጆቼ፣ እኔ ግድግዳዬን ሙሉ አድርጌ ነው ያስረከብኩት፡፡ የበሳውን ጠይቁት እንጂ!» እውነታቸውን ነው፡፡ ቧንቧ ሠራተኛው ኮርኒስ ይሸፍነዋል እንደተባለ ነገረን፡፡ ኮርኒስ ሠሪው እሱ ሲመጣ ቀዳዳው እንደነበረና የተዋዋለው ኮርኒስ ለመስቀል ብቻ እንደሆነ ነገረን፡፡ ፎርማኑ ግን ነገሩን ቁጭ አደረገው፡፡ «በሥራ ዝርዝሩ ላይ የለም፡፡ የሌለ ሥራ ሠርቼ ማን ይከፍለኛል?»

ልብ በሉ፤ ከእነዚህ ሰዎች አንዱም አልዋሸንም፡፡ ሁሉም ልክ ናቸው፡፡ ቁፋሮ በሜትር ኩብ ይለካል፣ ኮንክሪት በሜትር ኩብ ይለካል፣ ልስን በካሬ ይለካል፣ አምፖል በቁጥር ይቆጠራል፡፡ ቀዳዳን የለካም የቆጠረም የለም፡፡ ያልተቆጠረ ነገር ዋጋ የለውም፤ ዋጋ የሌለውን ነገር ደግሞ ማንም አይሠራውም፡፡ እኛ ጥፋቱን ፍለጋ ስንዞር ጥፋተኛ አጣን፤ ያገኘነው አንድ ያልተጻፈ መስመር ነው፡፡

አሁን «እና ምን ይሁን? ቀዳዳ ነው፣ ቀዳዳ ሞልቶ!» የሚል አንባቢ አይጠፋም፡፡ ለእሱ ትንሽ ወደ ኋላ እንመለስ፡፡

አንድ ፎቅ እሳትን የሚችለው ስለማይነድ ብቻ አይደለም፤ በክፍል በክፍል ስለተከፋፈለም ነው፡፡ ሐሳቡ እንዲህ ነው፦ እሳት አንድ ቦታ ይነሳል፤ ያንን መከልከል ሁልጊዜ አይቻልም፡፡ የሚቻለው እሳቱ የተነሳበት ክፍል ውስጥ ለ1 ሰዓት ወይም ለ2 ሰዓት ታስሮ እንዲቆይ ማድረግ ነው፡፡ በዚያች ጊዜ ውስጥ ሰው ይወጣል፣ የእሳት አደጋ መኪናም ይደርሳል፡፡ ለዚህ ነው መሐንዲሶች ግድግዳና ወለልን በደቂቃ የሚመዝኑት፤ የ30፣ የ60፣ የ90፣ የ120 ደቂቃ እያሉ፡፡ ፈተናው ቀልድ አይደለም፡፡ ግድግዳው በምድጃ አፍ ላይ ይቆምና ይነደዳል፡፡ በዓለም አቀፉ መለኪያ በአይኤስኦ 834 መሠረት የምድጃው ሙቀት በ30 ደቂቃ 842 ዲግሪ፣ በ1 ሰዓት 945 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ይደርሳል፡፡ ግድግዳው አለፈ የሚባለው በወዲያኛው ፊቱ ነበልባል ካላሳለፈና የወዲያኛው ፊት ሙቀት በአማካይ ከ140 ዲግሪ በላይ ካልጨመረ ነው፡፡

እንግዲህ ይህን ፈተና ያለፈ ግድግዳ ላይ አንድ ሰው ድሪሉን ይዞ መጥቶ ክንድ የሚያስገባ ቀዳዳ ሲበሳበት ግድግዳው የስንት ደቂቃ ይሆናል? የዜሮ፡፡ መቶ በመቶ ጤነኛ የሆነ ጀሪካን ታች ላይ አንድ ሚስማር ቢያልፍበት ውኃ ይይዛል? እንደዚያ ነው፡፡

የእኛ አገር ብሎኬት ደግሞ የራሱ ጣጣ አለው፡፡ ብሎኬት ውስጡ ባዶ ነው፡፡ ስትበሱት ግድግዳውን ብቻ ሳይሆን የብሎኬቱንም ሆድ ትከፍታላችሁ፡፡ ስለዚህ በአንድ በኩል ልስን ለጠፍ አድርጎ «ደፈንኩት» ማለት ሆዱን ክፍት ትቶ አፉን መጥረግ ነው፡፡

በነገራችን ላይ፣ ጭስን የምንንቀው ከጎጆ ስለመጣን ይመስለናል፡፡ ጎጆ ውስጥ ጭስ ጠላት አይደለም፡፡ ዓይን ያስለቅሳል እንጂ በክዳኑ ሾልኮ ይወጣል፤ ሲወጣም ሣሩን አጥኖ ከተባይ ይጠብቀዋል፡፡ አያቶቻችን ጭስ የሌለበት ቤት ቶሎ ይፈርሳል የሚሉት ያለ ምክንያት አልነበረም፡፡ ፎቅ ላይ ግን ነገሩ ተገልብጧል፡፡ የእኛ ጣራ የጎረቤት ወለል ነው፡፡ ከእኛ ቤት ወደ ላይ የወጣ ጭስ ሰማይ አያገኝም፤ ሰው ነው የሚያገኘው፡፡

ጭስ ምን እንደሚያደርግ ደግሞ አዲስ አበቤ ሊነገረው አይገባም፡፡ ክረምት በመጣ ቁጥር ከሰል አቀጣጥለው በር ዘግተው የተኙ ቤተሰቦች ሳይነቁ እንደቀሩ እንሰማለን፡፡ እሳት አልነካቸውም፡፡ ብርድ ልብሳቸው እንኳን አልተቃጠለም፡፡

ሁለተኛው መከራከሪያ ጠንከር ይላል፡፡ «የእኛ ሕንፃ እኮ የፈረንጅ የእንጨት ቤት አይደለም፤ ኮንክሪትና ብሎኬት ነው፡፡ ምኑ ይነዳል?» ይሉናል፡፡ ልክ ነው፤ ኮንክሪት አይነድም፡፡ ምጣድም አይነድም፤ ላዩ ላይ ያለው ነገር ግን ይበስላል፡፡ የሚነደው ዕቃው ነው፤ ሶፋው፣ ምንጣፉ፣ ወረቀቱ፣ የመጋዘኑ ካርቶን፣ የገመዱ ፕላስቲክ፡፡ የፒቪሲ ቱቦ ደግሞ ገና 80 ዲግሪ ገደማ ላይ መልፈስፈስ ይጀምራል፡፡ እሳት ሲደርስበት ይቀልጣል፤ ሲቀልጥ ቱቦው የነበረበት ቦታ ሌላ ቀዳዳ ይሆናል፡፡ ማለትም ዙሪያውን በስሚንቶ አሳምራችሁ ብትለስኑት እንኳን፣ ቱቦው ራሱ ሄዶ ቀዳዳውን ለእሳቱ አስረክቦ ይጠብቃል፡፡

ኮንክሪት ምን ያህል እንደሚያድን ለማየት ላስ ቬጋስ እንሂድ፡፡ እ.ኤ.አ. ኅዳር 21 ቀን 1980 ኤምጂኤም ግራንድ የሚባለው ሆቴል ውስጥ እሳት ተነሳ፡፡ የተነሳው ምድር ላይ ባለ ምግብ ቤት ግድግዳ ውስጥ፣ በኤሌክትሪክ ብልሽት ነው፡፡ (ምድር ላይ ባለ ምግብ ቤት! ቤቴል ሆይ፣ ትሰሚያለሽ?) እሳቱ ከታችኛው የቁማር አዳራሽ አልፎ ወደ መኝታ ፎቆቹ አልወጣም፡፡ 85 ሰዎች ግን ሞቱ፤ አብዛኞቹም እሳት ባልደረሰበት በላይኞቹ ፎቆች ላይ ነው የሞቱት፡፡ የገደላቸው በአሳንሰሩ ጉድጓድ፣ በደረጃው፣ በዳክቱና በሕንፃው መገጣጠሚያ ክፍተቶች ሾልኮ የወጣ ጭስ ነው፡፡

ከዚያ አምስት ዓመት ቀደም ብሎ፣ እ.ኤ.አ. የካቲት 13 ቀን 1975፣ በኒውዮርኩ የዓለም ንግድ ማዕከል ሰሜናዊ ሕንፃ 11ኛ ፎቅ ላይ እሳት ተነስቶ ነበር፡፡ ስለ 2001ዱ (እ.ኤ.አ.) ጥቃት እንጂ ስለዚህኛው ብዙ አይወራም፡፡ የስልክ ገመድ ከፎቅ ወደ ፎቅ የሚያልፍባቸው ትንንሽ ክፍሎች ወለል ላይ ያልተደፈኑ ቀዳዳዎች ነበሩ፤ እሳቱም እነሱን ተከትሎ ከ9ኛው እስከ 19ኛው ፎቅ ዳክቱን ለዳክቱ ተንሸራሸረ፡፡ ቀዳዳዎቹ መደፈን የጀመሩት ከዚያ በኋላ ነው፡፡

በዚያው ዓመት፣ በወሩ ገደማ ደግሞ፣ የቀዳዳ ታሪክ ንጉሥ ተከሰተ፡፡ መጋቢት 22 ቀን 1975 (እ.ኤ.አ.) አላባማ በሚገኘው የብራውንስ ፌሪ የኑክሌር ኃይል ማመንጫ፣ ሠራተኞች ገመድ የሚያልፍበትን የግድግዳ ቀዳዳ እየደፈኑ ነበር፡፡ አዎ፣ እየደፈኑ! የሚደፍኑት በፎም ነው፡፡ አየር እንደሚያሳልፍና እንደማያሳልፍ የሚያረጋግጡት በምን ነበር ትላላችሁ? በሻማ፡፡ የሻማውን ነበልባል ወደ ቀዳዳው ያስጠጋሉ፤ ነበልባሉ ከተሳበ አየር አለ ማለት ነው፡፡ ነበልባሉ ተሳበ፡፡ ፎሙን ይዞ ገባ፡፡ ሰባት ሰዓት ገደማ ነደደ፤ ከ1,600 በላይ ገመዶች ተበላሹ፤ የአንደኛው ማብለያ ድንገተኛ የማቀዝቀዣ መሣሪያዎች ከአገልግሎት ውጭ ሆኑ፡፡ የሞተ ሰው አልነበረም፡፡ አሜሪካኖቹ ግን በጣም ደነገጡና የኑክሌር ጣቢያዎቻቸውን የእሳት ደንብ እንደ አዲስ ጻፉት፡፡

እኛ መብራት በጠፋ ቁጥር ሻማ የምናበራ ሰዎች ከዚህ ታሪክ የምንወስደው ስለ ሻማው ብቻ አይደለም፤ ስለ ፎሙም ነው፡፡ ምክንያቱም ቀዳዳ ደፈንን ከሚሉት የከተማችን ሕንፃዎች መካከል ብዙ ጊዜ የምታዩት ያንን ከቆርቆሮ የሚረጨውን ቢጫ ፎም ነው፡፡ በርና መስኮት ለመግጠም ጥሩ ነው፡፡ ለእሳት ግን ማገዶ ነው፤ ሲነድም የሚያወጣው ጭስ ሳያናይድ አለበት፡፡ ለእሳት ተብሎ የተፈተነ ፎም አለ፤ ገበያ ላይ በብዛት የምናየው ግን እሱ አይደለም፡፡ የስሚንቶ ከረጢትን በተመለከተ ምንም የምንለው የለንም፤ ወረቀት ነው፡፡

ታዲያ በምን ይደፈን? ይህን የሚሠሩት ሰዎች ሥራውን ፋየርስቶፕ ይሉታል፤ እሳት ማቆሚያ እንደማለት ነው፡፡ የብረት ቱቦ ወፍራም ኮንክሪት ውስጥ የሚያልፍ ከሆነ ነገሩ ቀላል ነው፤ ዙሪያውን በጥሩ ሞርታር እስከ ውስጥ ድረስ መሙላት ብዙ ርቀት ያስኬዳል፡፡ ገመድ ሲሆን ግን ይከብዳል፡፡ ገመድ ይንቀሳቀሳል፣ ነገ ሌላ ይጨመርበታል፣ ፕላስቲኩ ሲቃጠል ዙሪያው ይሳሳል፡፡ ለእሱ ከ1,000 ዲግሪ በላይ የሚችል የድንጋይ ጥጥ ይጠቀጠቅና ላዩ እሳት በሚችል ማስቲክ ይቀባል፡፡ ለፒቪሲ ቱቦ ደግሞ ከሁሉም የምንወደው ብልሃት አለ፡፡ በቱቦው ዙሪያ የብረት ቀለበት ይታሰራል፤ ቀለበቱ ውስጥ ሲሞቅ የሚያብጥ ነገር አለ፡፡ እሳት ሲመጣ ያብጣል፣ የለፈሰፈሰውን ቱቦ አንቆ ይጨፈልቀዋል፣ ቀዳዳውም ይዘጋል፡፡ ሊጥ ኩፍ ሲል ክዳኑን እንደሚገፋው ማለት ነው፤ ይሄኛው ወደ ውስጥ ይገፋል እንጂ፡፡

ጀሶን መናቅም ተገቢ አይደለም፡፡ ከዓባይ ሸለቆ፣ ከጎሐ ጽዮንና ከደጀን መሀል ባለው ገደል የሚታየው ያ ነጭ ድንጋይ ከክብደቱ አንድ አምስተኛ ገደማ የታሰረ ውኃ ነው፡፡ እሳት ሲነካው መጀመሪያ ውኃውን ማትነን አለበት፤ እስኪተን ድረስ ወዲያኛው ፊት አይግልም፡፡ የጂፕሰም ቦርድ እሳት ይመክታል የሚባለው ለዚህ ነው፡፡ እንግዲህ አስቡት፤ እሳት የሚመክተውን ነገር ይዘን ቀዳዳውን በመድፈን ፈንታ ቀዳዳው እንዳይታይ ከሥሩ ኮርኒስ እንሰቅልበታለን፡፡

መስታወት የለበሱት ሕንፃዎች ላይ አንድ ሌላ ቀዳዳ አለ፤ ከሁሉም የሚረዝመው፡፡ የሶሌታው ጠርዝና የመስታወቱ ልባስ የሚገናኙበት ቦታ ላይ ክፍተት ይቀራል፡፡ ጣት ታስገባለች፣ አንዳንዴም እጅ፡፡ ርዝመቷ ግን የሕንፃው ሙሉ ወርድ ነው፡፡ ካልተደፈነች፣ መስታወቱ ከውጭ አንድ ወጥ ሆኖ እንደሚያምር ሁሉ ከውስጥም ከምድር እስከ ላይ አንድ ወጥ ጭስ ማውጫ ይሆናል፡፡ በዚህ በኩል ከዘመናዊ ፎቆች ይልቅ ስንቴ የታማው ኮንዶሚኒየም ይሻላል ብንል ትስቁብን ይሆናል፡፡ ግን ብዙዎቹ የኮንዶሚኒየም ብሎኮች ደረጃቸው ክፍት ነው፤ ብርድ ያስገባል፣ ዝናብ ያስገባል፣ ጭስን ደግሞ ያስወጣል፡፡ ድህነት አንዳንዴ ሳያውቅ ልክ ይሆናል፡፡

ወደ ሕጉ ስንመጣ፣ ሕግ የለም ብለን ማማረር አንችልም፡፡ በ2001 ዓ.ም. የወጣው የሕንፃ አዋጅ ቁጥር 624 ሕንፃዎችን በሦስት መድቦ፣ ከ12 ሜትር በላይ ከፍታ ያላቸውን በምድብ «ሐ» አስቀምጦ ነበር፤ የቤቴል ጂ ፕላስ 5ቶች የሚወድቁት እዚያ ነው፡፡ የመጠቀሚያ ፈቃድ የሚባለውም ነገር የመጣው ከዚያ ነው፡፡ እ.ኤ.አ. በ2015 የታደሱት የግንባታ ኮዶችም የአውሮፓን ፈለግ ተከትለው አንድ ኮለን ወይም ሶሌታ እሳትን ለስንት ደቂቃ እንዲችል ብረቱ በስንት ሚሊሜትር ኮንክሪት መሸፈን እንዳለበት ያሰላሉ፡፡ በሚሊሜትር! መሐንዲሱ ሚሊሜትር ቆጥሮ ይፈርማል፤ ከስድስት ወር በኋላ ድሪል የያዘ ልጅ 15 ሴንቲ ሜትር ይበሳል፡፡ ያንን ልጅ የሚያየው የትኛው ፊርማ ነው? የመጠቀሚያ ፈቃድ ለመስጠት የሚመጣው ሰው ኮርኒስ ተሰቅሎ፣ ቀለም ተቀብቶ፣ ጣውላው ተጠርጎ ከመጣ ኮርኒሱን ካልገፋ በስተቀር ምን ሊያይ ይችላል?

ጥቅምት 11 ቀን 2017 ዓ.ም. ማታ መርካቶ ሸማ ተራ ሲነድ ከተማው በሙሉ ሲያወራ የነበረው ስለ መኪና ነበር፡፡ መኪናው መቼ ደረሰ፣ መንገዱ ጠበበ፣ ውኃ አነሰ፡፡ ሁሉም ተገቢ ጥያቄ ነው፡፡ ግን መኪና ከደረሰ በኋላ የሚሠራው ሥራ ምን ያህል እንደሚከብድ የሚወስነው መኪናው ሳይደርስ በፊት እሳቱ የት የት ገብቶ እንደቆየ ነው፡፡ 939 ደውላችሁ መኪናው እስኪመጣ ያለችውን ያቺን ጊዜ የምትገዛላችሁ ግድግዳ ናት፡፡ ስለ መኪናው ያወራነውን ሩብ ያህል ስለ ግድግዳው አውርተን ቢሆን ጥሩ ነበር፡፡

ለንደን ውስጥ ግሬንፌል ታወር እ.ኤ.አ. ሰኔ 14 ቀን 2017 ሲቃጠል 72 ሰዎች ሞቱ፤ ከሟቾቹ መካከል የእኛና የኤርትራ ልጆችም ነበሩ፡፡ የዚያ ሕንፃ ዋና ጥፋተኛ ውጭውን ያለበሱት የሚነድ ልባስ ነው፡፡ ግን አንድ ነገር ልብ ይሏል፡፡ ነዋሪዎቹ «እሳት ቢነሳ ቤታችሁ ቆዩ» ተብለው ነበር፡፡ እንግሊዞች ይህን የሚሉት እያንዳንዱ ቤት ራሱን የቻለ የተደፈነ ሣጥን ነው ብለው ስለሚያምኑ ነው፡፡ ሣጥኑ ሳይደፈን ምክሩ ብቻ ሲቀር ምን እንደሚሆን አየን፡፡ እኛ አገር ደግሞ ምክሩም የለም ሣጥኑም የለም፡፡ እሳት ሲነሳ ሁላችንም ወደ ደረጃ ነው የምንሮጠው፤ ጭሱም እንዲሁ፡፡

«ዕቃው ውድ ነው፤ ከውጭ ነው የሚመጣው» የሚለውን አንክድም፡፡ የሚያብጠው ቀለበትና ማስቲኩ በዶላር ነው፡፡ ግን እስቲ ከዶላሩ በፊት ያለውን እንቁጠር፡፡ ሶሌታ ከመሞላቱ በፊት ቱቦ የሚያልፍበት ቦታ ላይ እጅጌ ማስቀመጥ ዶላር አይጠይቅም፤ ኤሌክትሪሺያኑና መሐንዲሱ አንድ ጠዋት አብረው ቡና እንዲጠጡ ነው የሚጠይቀው፡፡ የዳክቱን ወለል በየፎቁ ገመዱን ብቻ አስቀርቶ በኮንክሪት መዝጋት ዶላር አይጠይቅም፡፡ ከዚያ የቀረው ቀዳዳ ትንሽ ነው፤ ለትንሽ ቀዳዳ ደግሞ ትንሽ ማስቲክ ይበቃል፡፡ ሁሉንም በአንድ ቀን ማድረግ ካልተቻለም ከየት እንደሚጀመር ግልጽ ነው፦ የጄኔሬተሩ ክፍል፣ የምግብ ቤቱ ማድ ቤት፣ ዳክቱ በየፎቁ፣ ከዚያ የደረጃው ግድግዳ፡፡ መስታወቱን፣ አሉሚኒየሙንና የምሽት መብራቱን ያስገባ ባለሀብት ለዚህ ገንዘብ አጣ ብንባል ግን አናምንም፡፡ ፊት ለፊቱ ሲያምር መንገደኛ ያያል፤ ዳክት ሲያምር ማንም አያይም፡፡ ነገሩ የገንዘብ ሳይሆን የመታየት ነው፡፡

እኛ የምንጠይቀው ትልቅ ነገር አይደለም፡፡ በሥራ ዝርዝሩ ላይ አንድ መስመር ይጨመር፦ «በግድግዳና በወለል የሚያልፉ ቀዳዳዎችን እሳት በሚችል ነገር መድፈን፣ በቁጥር፡፡» በቁጥር የሚለው ቃል ዋናው ነው፡፡ ከተቆጠረ ዋጋ ይወጣለታል፤ ዋጋ ከወጣለት ያ ፎርማን ይሠራዋል፤ ከተሠራም አማካሪው ሳያይ አይፈርምም፡፡ ሁለተኛ፣ ቁጥጥሩ ኮርኒስ ከመሰቀሉ በፊት ይሁን፤ ከተሰቀለ በኋላ የሚመጣ ተቆጣጣሪ የሚያደንቀው ኮርኒሱን ነው፡፡ ሦስተኛው ለእኛው ለተከራዮቹ ነው፡፡ ቢሮ ስንከራይ ስለ ፓርኪንግ፣ ስለ ውኃ፣ ስለ ኢንተርኔት እንጠይቃለን፤ ከዚያ በኋላ አንድ ወንበር ተውሰን ኮርኒሷን ገፋ ብናደርግ የሚከለክለን የለም፡፡ ባለቤቱ ምን እያደረግን እንደሆነ ቢጠይቀን እንነግረዋለን፡፡ ሁለት ሦስት ተከራይ እንዲህ ካደረገበት አራተኛው ሳይመጣ ያስደፍነዋል፤ ኪራይ የሚያህል አስተማሪ የለም፡፡

የተደፈነውም ቢሆን ተደፍኖ አይቀርም፡፡ አዲስ ተከራይ ይገባል፣ አዲስ ገመድ ይመጣል፣ የትናንቱ ድፈን ዛሬ ይበሳል፡፡ ይህ በሌላው ዓለምም አለ፡፡ እነሱ ያገኙት መላ በተደፈነው ቀዳዳ አጠገብ ትንሽ ወረቀት መለጠፍ ነው፤ ወረቀቷ ላይ የቀዳዳው ቁጥር፣ የተደፈነበት ቀን፣ የደፈነው ሰው ስምና የተደፈነበት ዕቃ ይጻፋል፡፡ የበሳ ሰው መልሶ ደፍኖ በራሱ ስም አዲስ ወረቀት ይለጥፋል፡፡ ወረቀቱ ከጠፋብን በጥበቃው ዘንድ የሚቀመጥ አንድ ደብተርም ይበቃል፤ መሰላልና ድሪል ይዞ የገባ ሰው ሁሉ ሲገባ መታወቂያውን እንደሚያስመዘግብ፣ ሲወጣ የበሳውን ቀዳዳ ያስመዝግብ፡፡

በእኛ ፎቅ ላይ አዲስ የኢንተርኔት መስመር እንደሚገባ ተነግሮናል፡፡ ልጁ ማክሰኞ ይመጣል ተብሏል፡፡ ድሪሉን ከማንሳቱ በፊት አንድ ጥያቄ እንጠይቀዋለን፦ «ወንድሜ፣ ስትጨርስ በምንድን ነው የምትደፍነው?» ይህ የእሱ ሥራ እንዳልሆነ ሊነግረን እንደሚችል እናውቃለን፡፡ ሞርታሩን ከወዲሁ አዘጋጅተናል፡፡